«የዋጋ ንረት ቀነሰ» ሲባል ዋጋው ለምን አይቀንስም? ማክሮ ኢኮኖሚክስ ለፍሬሽማንም፣ ግቢ ላልገባም

«የዋጋ ንረት ቀነሰ» የሚል ዜና በለጠፍን ቁጥር የሚመጣልን መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «የት ሀገር?»

ዜናው ውሸት ነው? አይደለም። ጠያቂውስ ተሳስቷል? እሱም አልተሳሳተም። ሁለቱ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ልዩነቱን የሚፈታው ቁልፍ ደግሞ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በፍሬሽማን ዓመት ወስደውት፣ ፈተናው ሲያልቅ የሚረሱት ትምህርት ውስጥ አለ። ማክሮ ኢኮኖሚክስ ይባላል።

ዛሬ ይሄንን ትምህርት ከሞጁሉ አውጥተን ገበያ ላይ እናየዋለን። ፋይናል ለደረሰባችሁም፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ለማታውቁትም ይጠቅማል። ካልኩሌተር ስልካችሁ ላይ አለ፣ ከዚያ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም።

ማክሮ ለምን ይከብዳል?

በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የኢኮኖሚክስ መግቢያ ኮርስ ከፍሬሽማን የጋራ ኮርሶች አንዱ ነው። አብዛኛው ክፍል ማይክሮ ነው፦ ፍላጎትና አቅርቦት፣ የሸማች ባሕርይ፣ የምርት ወጪ፣ የገበያ ዓይነቶች። ማክሮ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ፣ ሌላው ኮርስ ሁሉ ፋይናል ሲያደርስ፣ መምህሩም ለመጨረስ ሲሮጥ ማለት ነው። ከዚያ «ይሄን እናንተ አንብቡት» ይባላል።

የሚነበበው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፣ ምሳሌውም ብዙ ጊዜ አሜሪካዊ ነው። ስለዚህ ተማሪው ትርጉሙን ይሸመድዳል። ሽምደዳ የማባዛት ጥያቄ የሌለበት ፈተና ላይ ሊያሻግር ይችላል። ጥያቄው ትንሽ ተጣሞ ከመጣ ግን ይጥላል። የፍሬሽማን ውጤት የዲፓርትመንት ምርጫ ላይ የሚቆጠር ስለሆነ ደግሞ የአንድ ምዕራፍ ነጥብ የት እንደምትመደቡ ሊወስን ይችላል። ኢኮኖሚክስ ዲፓርትመንት ለሚገባ ሰው ማክሮ ራሱን የቻለ ኮርስ ሆኖ ይመለሳል፤ መሠረቱ ካልተያዘ ያኔ ይብሳል።

ከነጥቡ በላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ ባንክ ያስቀመጥናት ብር፣ የምንገዛው ስልክ፣ ሁሉም በዚህች ምዕራፍ ሕግ ነው የሚንቀሳቀሱት።

ለአንዱ እውነት የሆነው፣ ለሁሉም ላይሆን ይችላል

ከማይክሮ ወደ ማክሮ ስንሻገር መጀመሪያ መያዝ ያለበት ሐሳብ ይሄ ነው።

አንድ ሰፈር ውስጥ 100 ቤት ፈላጊና 80 የሚከራይ ቤት አለ እንበል። ከፈላጊዎቹ የአንዱ ደመወዝ በ5,000 ብር ቢጨምር ሰውዬው ያለ ችግር ቤት ያገኛል፤ ከሌሎቹ የበለጠ መክፈል ይችላልና። የመቶውም ደመወዝ በ5,000 ብር ቢጨምርስ? ቤቱ ያው 80 ነው። አሁንም 20 ሰው ቤት አያገኝም። የተለወጠው ኪራዩ ብቻ ነው።

ማይክሮ የአንዱን ሰው ውሳኔ ያያል። ማክሮ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያደርገው ምን እንደሚፈጠር ይጠይቃል። «መንግሥት ብር አትሞ ለሁሉም ለምን አይሰጥም?» ለሚለው የዘወትር ጥያቄ መልሱ እዚህች ምሳሌ ውስጥ ተቀምጧል።

ጂዲፒ፦ ዳቦውን ሁለቴ አትቁጠሩት

ጂዲፒ ወይም አጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት ማለት በአንድ ሀገር ክልል ውስጥ፣ በተወሰነ ጊዜ (ብዙ ጊዜ በአንድ ዓመት) የተመረቱ የመጨረሻ ዕቃዎችና አገልግሎቶች የገበያ ዋጋ ድምር ነው። ፈተና ላይ የምትጥለው ቃል «የመጨረሻ» የምትለዋ ናት።

ገበሬው ስንዴውን በ40 ብር ለወፍጮ ሸጠ። ወፍጮው ዱቄቱን በ60 ብር ለዳቦ ቤት ሸጠ። ዳቦ ቤቱ ዳቦውን በ100 ብር ለእኛ ሸጠ። ጂዲፒ ስንት ጨመረ? 40፣ 60 እና 100ን ደምሮ 200 ያለ ተሳስቷል። መልሱ 100 ነው፤ ስንዴውና ዱቄቱ ዳቦው ውስጥ አሉ። በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል፦ ገበሬው የጨመረው እሴት 40፣ ወፍጮው 20፣ ዳቦ ቤቱ 40፣ ድምር 100።

ቀመሩ በሁሉም መጽሐፍ ላይ አንድ ነው፦ የቤተሰብ ፍጆታ፣ ሲደመር ኢንቨስትመንት፣ ሲደመር የመንግሥት ወጪ፣ ሲደመር ወደ ውጭ የተላከ፣ ሲቀነስ ከውጭ የገባ። የገባው የሚቀነሰው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ከዱባይ የመጣ ስልክ ስንገዛ «የቤተሰብ ፍጆታ» ውስጥ ገብቶ ተቆጥሯል፤ ግን እዚህ አልተመረተም። ስለዚህ ከቁጥሩ እናወጣዋለን፣ በቃ።

ኢንቨስትመንት የምትለዋም ታሳስታለች። በተለምዶ መሬት ወይም ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው «ኢንቨስት አደረገ» እንላለን። በማክሮ ግን ይሄ ኢንቨስትመንት አይደለም፤ ያለ ንብረት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ ተላለፈ እንጂ አዲስ ነገር አልተመረተም። የደላላው ኮሚሽን ግን ይቆጠራል፤ እሱ ዘንድሮ የተሰጠ አገልግሎት ነው።

ጂዲፒ የማያየው ብዙ ነገር አለ። ምግብ ቤት የምንበላው ሽሮ ይቆጠራል፤ እናታችን ቤት ሠርታ ያቀረበችልን ሽሮ ላይ የዋለው ድካሟ አይቆጠርም። ልጅ የሚጠብቅ ተቀጣሪ ይቆጠራል፤ ልጅ የምትጠብቅ አያት አትቆጠርም። ይሄ አዲስ ትችት አይደለም። በ1934 (እ.ኤ.አ.) ለአሜሪካ ኮንግረስ የመጀመሪያውን የብሔራዊ ገቢ ሒሳብ ያቀረበው ሳይመን ኩዝኔትስ ራሱ፣ ይሄ ቁጥር የሕዝብን ደኅንነት አይለካም ብሎ አስጠንቅቋል። ስለዚህ «ኢኮኖሚው አደገ» ሲባል «ሁሉም ሰው ደላው» ማለት አይደለም። «የተመረተው ጨመረ» ማለት ነው። ለማን ደረሰ? የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሌላ መለኪያም አለው።

ኖሚናልና ሪያል፦ የምዕራፉ ልብ

ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብትሉን ይሄን እንላችኋለን።

አንድ መንደር በመጀመሪያው ዓመት 10 ኩንታል ጤፍ አመረተ፤ ኩንታሉ 8,000 ብር ነበር። ጠቅላላ 80,000 ብር። በሁለተኛው ዓመትም ያው 10 ኩንታል አመረተ፤ ኩንታሉ ግን 12,000 ብር ገባ። ጠቅላላ 120,000 ብር። በወረቀት ላይ መንደሩ በ50 በመቶ «አደገ»። ድስት ውስጥ የገባው ጤፍ ግን አንድ ፍሬ አልጨመረም።

120,000 ኖሚናል ነው። ሁለተኛውን ዓመት በመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ስናሰላው የምናገኘው 80,000 ደግሞ ሪያል ነው። ሪያል ዕድገቱ ዜሮ። 120,000ን ለ80,000 አካፍለን በ100 ስናባዛ 150 ይመጣል፤ ሞጁሉ ላይ «ጂዲፒ ዲፍሌተር» የሚባለው ይሄ ነው። ከመነሻው ዓመት ወዲህ ዋጋ በ50 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው።

ይሄንኑ ወደ ኪሳችሁ አምጡት። ደመወዛችሁ ከ8,000 ወደ 10,000 ብር ሲያድግ ጭማሪው 25 በመቶ ነው። በዚያው ጊዜ ዋጋ 30 በመቶ ከጨመረ ግን በሪያል ደመወዛችሁ ቀንሷል። «ብሩ በዛ፣ በረከቱ ጠፋ» የምትለው እናታችሁ ሪያልና ኖሚናልን ሳትማር ለይታዋለች።

«ንረት ቀነሰ» ማለት «ዋጋ ቀነሰ» ማለት አይደለም

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ።

የዋጋ ንረት ፍጥነት ነው። ታክሲው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነበር፣ አሁን 40 ሆነ እንበል። ታክሲው ዞሮ ወደኋላ ሄደ ማለት ነው? አይደለም። አሁንም ወደፊት እየሄደ ነው፣ ቀስ ብሎ።

በቁጥር እንየው። አምና 100 ብር የነበረ አስቤዛ ዋጋው በ30 በመቶ ጨምሮ 130 ብር ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ንረቱ ወደ 14 በመቶ ወረደ። ዜናው «ንረቱ ከግማሽ በታች ወረደ» ይላል፣ ልክ ነው። አስቤዛው ግን 148 ብር ከ20 ሳንቲም ሆኗል። ሸማቹ «ተወደደብኝ» ይላል፣ እሱም ልክ ነው። ወደ 100 ብር እንዲመለስ ንረቱ ከዜሮ በታች መውረድ አለበት፤ ይሄ ዲፍሌሽን ይባላል፣ በሀገር ደረጃ እምብዛም አይከሰትም፣ ሲከሰትም ብዙ ጊዜ ከሥራ መጥፋት ጋር ይመጣል።

ሌላው ግራ የሚያጋባ ነገር የንረቱ ቁጥር የማን እንደሆነ ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሸማቾች ዋጋ መለኪያን ሲያወጣ የምግብና ምግብ ነክ ያልሆኑ ዕቃዎችን ለይቶ ያሳያል። በዚህ መለኪያ ውስጥ ምግብ ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛል። የተነገረው ቁጥር ግን የአማካይ ቤተሰብ ነው። እናንተ ገቢያችሁ በአብዛኛው ለኪራይ የሚወጣ ከሆነና ዘንድሮ የዘለለው ኪራይ ከሆነ፣ የእናንተ ንረት ከተነገረው ይበልጣል። ስለዚህ የንረት ዜና ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ነው ወይስ ካለፈው ወር ጋር? ጠቅላላ ነው ወይስ የምግብ ብቻ? የአንድ ወር ነው ወይስ የ12 ወር አማካይ?

ባንክ ያስቀመጥነው ብር ሲሸሸን

ጥቅምት 2010 ላይ ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2014 ደግሞ የሀገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና አስሉ።

10,000 ብር በ7 በመቶ አስቀመጥን። በዓመቱ 10,700 ሆነ። አምና በ10,000 ብር የሚገዛው ዕቃ ግን በ30 በመቶ ንረት 13,000 ብር ገብቷል። 10,700ን ለ13,000 ስናካፍል 0.823 ይሆናል። ማለትም በአምናው ዋጋ በእጃችን ያለው የ8,230 ብር ያህል ዕቃ ነው። ወለድ ተከፍሎን ወደ 18 በመቶ የሚጠጋ የመግዛት አቅም አጣን።

ለተፈታኞች አንድ ማስታወሻ። ሞጁሉ ላይ ያለው አቋራጭ «ሪያል ወለድ ማለት ኖሚናል ወለድ ሲቀነስ ንረት» ይላል፤ 7 ሲቀነስ 30፣ መልሱ ኔጌቲቭ 23። ትክክለኛው ስሌት የሰጠን ግን ኔጌቲቭ 17.7 ነው። ለምን ተለያየ? አቋራጩ የሚሠራው ቁጥሮቹ ትናንሽ ሲሆኑ ነው። ንረቱ 2 ወይም 3 በመቶ ለሆነበት ሀገር ልዩነቱ አይታይም። እኛ ጋ ይታያል። ፈተና ላይ ጥያቄው «በግምት» ካለ አቋራጩን፣ «በትክክል» ካለ ማካፈሉን ተጠቀሙ።

በተቃራኒው ተበዳሪውን አስቡት። በ15 በመቶ ተበድሮ ንረቱ 30 በመቶ ከሆነ፣ የሚመልሰው ብር ከተበደረው ያነሰ ዕቃ የሚገዛ ነው። ንረት ከቆጣቢ ኪስ አውጥቶ ለተበዳሪ የሚያስተላልፍበት መንገድ ይሄ ነው። ትልቁ ተበዳሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ መንግሥት ነው።

ሥራ አጥ ማን ነው?

100 በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች አሉ። 60ዎቹ ይሠራሉ፣ 10 ሥራ እየፈለጉ ነው፣ 30ዎቹ ተማሪ፣ የቤት እመቤት ወይም በሌላ ምክንያት ሥራ የማይፈልጉ ናቸው። የሥራ አጥነት መጠኑ ስንት ነው? «10 በመቶ» ያለ ይወድቃል። የሚካፈለው ለ100 አይደለም፤ ለሠራተኛው ኃይል ነው፣ ማለትም ለ70። መልሱ 14.3 በመቶ።

አሁን ከአሥሩ ፈላጊዎች አራቱ ተስፋ ቆርጠው መፈለግ አቆሙ እንበል። ሥራ አጥ 6፣ የሠራተኛው ኃይል 66። መጠኑ 9.1 በመቶ ሆነ። አንድም አዲስ ሥራ ሳይፈጠር ሥራ አጥነት «ቀነሰ»። ቁጥሩ አልዋሸም፤ እኛ ነን ትርጉሙን ሳንጠይቅ ያለፍነው።

በዚህ ምክንያት ነው እንደ እኛ ያሉ ሀገሮች ብዙ ጊዜ ላላ ያለ ትርጉም የሚጠቀሙት፦ ሥራ የሌለውና ቢያገኝ ለመሥራት ዝግጁ የሆነ ሰው፣ በንቃት ባይፈልግም ሥራ አጥ ተብሎ ይቆጠራል። በሌላ በኩል በዓለም አቀፉ መለኪያ በሳምንት አንድ ሰዓት ለገቢ የሠራ ሰው «ሥራ ያለው» ነው። ተመርቆ መንገድ ዳር የስልክ ከቨር የሚሸጥ ወጣት በስታቲስቲክስ ሥራ አጥ አይደለም። የተማረው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ የመሆኑን ችግር ይሄ ቁጥር አይነግረንም።

ሮቶና ቧንቧ፦ ዕዳና ጉድለት

«የበጀት ጉድለት ቀነሰ» እና «የመንግሥት ዕዳ ጨመረ» የሚሉ ዜናዎች በአንድ ሳምንት ሊወጡ ይችላሉ፣ ሁለቱም እውነት ሆነው።

የውሃ ሮቶ አስቡ። ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ክምችት ነው፤ በቧንቧው የሚገባው ፍሰት ነው። ጉድለት ማለት በአንድ ዓመት ውስጥ ወጪው ከገቢው የበለጠበት መጠን ነው፣ ፍሰት። ዕዳ ማለት እስከ ዛሬ የተጠራቀመው ነው፣ ክምችት። ቧንቧውን በግማሽ ብንዘጋው ሮቶው መሙላቱን አያቆምም፣ ይዘገያል እንጂ። ከላይ በንረትና በዋጋ መካከል ያየነው ልዩነትም የዚሁ ዘመድ ነው። ማክሮ ውስጥ ግማሹ ግራ መጋባት የሚመጣው ክምችትና ፍሰትን ከማደባለቅ ነው። ደመወዝ ፍሰት፣ የባንክ ቀሪ ሒሳብ ክምችት። ጂዲፒ ፍሰት፣ የሀገር ሀብት ክምችት።

ሁለቱ መሪዎች፦ ፊስካልና ሞኒተሪ

ኢኮኖሚን የሚነዱት ሁለት እጆች ናቸው። ፊስካል ፖሊሲ ግብርና የመንግሥት ወጪ ነው፤ የገንዘብ ሚኒስቴርና የፓርላማ ጉዳይ። ሞኒተሪ ወይም የገንዘብ ፖሊሲ የገንዘብ መጠንና ወለድ ነው፤ የብሔራዊ ባንክ ጉዳይ።

ፊስካል ላይ የማይቀረው ጥያቄ ማልቲፕላየር ነው። መንግሥት ለመንገድ ሥራ 100 ብር ከፈለ። ሠራተኛው 80ውን ምግብ ቤት አወጣ፣ 20ውን ቆጠበ። ምግብ ቤቱ ከ80ው 64ቱን አወጣ። ቀጣዩ 51 ብር ከ20። እንዲህ እያለ ሲደመር 500 ይደርሳል። ቀመሩ 1 ሲካፈል ለ (1 ሲቀነስ 0.8)፣ እኩል ይሆናል 5። በእውነተኛው ዓለም ግን ቁጥሩ ከዚህ በጣም ያንሳል። ከእያንዳንዱ እጅ ላይ ግብር ይቆረጣል፣ ከፊሉም ከውጭ ለሚገባ ዕቃ ይወጣል። ብዙ ነገር ከውጭ የሚያስገባ ሀገር ማልቲፕላየሩ ወደ ሌላ ሀገር ይፈሳል።

ሞኒተሪ ላይ ያለው ዘመዱ የባንክ ማልቲፕላየር ነው። መጠባበቂያው 10 በመቶ ከሆነ 1,000 ብር ተቀማጭ 900 ብድር ይሆናል፣ እሱ ተመልሶ ሲቀመጥ 810፣ እያለ በድምሩ 10,000 ተቀማጭ ይደርሳል። ለፈተና ይሄን ያዙ። ግን የእንግሊዝ ባንክ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማብራሪያ በተግባር ባንኮች ተቀማጭ እስኪመጣ ጠብቀው እንደማያበድሩ፣ ብድር ራሱ አዲስ ተቀማጭ እንደሚፈጥር አስረድቷል። መጽሐፉ ያቀለለው ነገር እንዳለ ማወቅ አይጎዳም።

የእኛ ብሔራዊ ባንክስ? ነሐሴ 2015 ላይ ንረትን ለመግታት የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አስቀመጠ። ይሄ በመጠን መቆጣጠር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ ወደ ወለድ ተኮር ሥርዓት መሻገሩን አስታውቆ የብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድን 15 በመቶ አደረገ። ሞጁሉ ላይ ያለው «ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ከፍ ሲያደርግ ብድር ይቀንሳል፣ ፍላጎት ይበርዳል፣ ንረት ይወርዳል» የሚለው ሰንሰለት ለእኛ ሀገር አዲስ ልምምድ ነው ማለት ነው።

ዶላርና ብር፦ 30 በመቶ ወይስ 23 በመቶ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያው ቀን 74 ብር ገደማ ገባ፣ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ።

ያን ቀን ብር ስንት በመቶ ወደቀ? 57ን ወደ 74 ስናሳድግ ጭማሪው 30 በመቶ ነው። ይሄ ግን የዶላር መወደድ ነው። የብርን መውደቅ ለማወቅ ተገልብጦ ይታያል፦ 57 ሲካፈል ለ74፣ 0.77። ብር ያጣው 23 በመቶ ነው። በ30 በመቶ የዘገቡም፣ በ23 በመቶ የዘገቡም ነበሩ፤ መነሻቸው ተለያይቶ ነው። ዶላር በእጥፍ ጨመረ ማለት ብር ግማሹን አጣ ማለት ነው። «ብር መቶ በመቶ ወደቀ» የሚል ካያችሁ ብሩ ዋጋው ዜሮ ሆኗል እያለ ነውና እለፉት።

ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ? ቡና ላኪው በአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር በዛለት። ከአረብ ሀገር ወይም ከአሜሪካ ገንዘብ የሚላክለት ቤተሰብም በዚያው ዶላር ብዙ ብር ተቀበለ። ዕቃ ከውጭ የሚያስገባው፣ ነዳጅና መድኃኒት የሚጠቀመው፣ ስልክ የሚገዛው ተወደደበት። ከዚህ በፊት ዶላር የሚገዛው በጥቁር ገበያ ተመን የነበረ ነጋዴ ግን ዋጋውን አስቀድሞ በዚያ ተመን አስልቶት ስለነበር፣ የሁሉም ዕቃ ዋጋ በእጥፍ አልዘለለም። ሪያል ጂዲፒ በብር እያደገ፣ በዶላር ሲለካ ግን ኢኮኖሚው ያነሰ መስሎ የታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ምርቱ ቀንሶ ሳይሆን መለኪያው ተለውጦ ነው።

መምህሮቹም አይስማሙም

ፍሬሽማን ላይ ማክሮ እንደ ሒሳብ ሕግ ይቀርባል። አይደለም። ትምህርቱ የተወለደው ከትልቅ ቀውስ ነው። በ1929 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በ1933 አሜሪካ ውስጥ ከአራት ሠራተኛ አንዱን ገደማ ሥራ አጥ አደረገ። ገበያው ራሱን በራሱ ያስተካክላል የሚለው እምነት ተንገዳገደ። ጆን ሜይናርድ ኬንስ በ1936 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ችግሩ የፍላጎት ማነስ ነው፣ መንግሥት ወጪ ማውጣት አለበት አለ። በኋላ ሚልተን ፍሪድማንና ተከታዮቹ መጥተው የገንዘብ መጠንን ተቆጣጠሩ፣ ንረት የሚመጣው ከእሱ ነው አሉ።

ክርክሩ እኛ ጋም አለ። አንዱ ወገን የኢትዮጵያ ንረት የመጣው መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደረ ብር ስላበዛ ነው ይላል። ሌላው ጦርነቱን፣ ድርቁን፣ የምርት ማነሱንና የዶላር እጥረቱን ያነሳል። ፈተና ላይ ሁለቱንም ጠርታችሁ የፍላጎት ግፊትና የወጪ ግፊት ብላችሁ ብትለዩ ነጥብ ታገኛላችሁ። ከፈተና ውጭ ደግሞ የአንዱን ብቻ ከሚያወራላችሁ ሰው ተጠንቀቁ።

እንዴት እናጥናው?

አንደኛ፣ ትርጉም ከመሸምደድ በፊት የራሳችሁን ቁጥር ፈጥራችሁ አስሉ። ዳቦው፣ ጤፉ፣ ሮቶው፣ መቶዎቹ ሰዎች፤ አራቱን በወረቀት የሠራ ሰው የምዕራፉን አብዛኛውን ጥያቄ ይመልሳል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ኖሚናል ነው ሪያል? ክምችት ነው ፍሰት? የሚካፈለው ለምን ነው?

ሦስተኛ፣ ግራፍ ላይ በመስመሩ ላይ መንቀሳቀስንና የመስመሩን መዛወር አታደባልቁ። የዋጋ ደረጃ ሲለወጥ በጥቅል ፍላጎት መስመሩ ላይ እንንሸራተታለን። ግብር ወይም የመንግሥት ወጪ ሲለወጥ መስመሩ ራሱ ይዛወራል።

አራተኛ፣ ማክሮን ለሴሚስተሩ መጨረሻ አታቆዩት። ከማይክሮው ጎን ለጎን በሳምንት አንድ ንዑስ ርዕስ ብታነቡ ፋይናል ላይ የሚቀረው ክለሳ ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ወርኃዊው የንረት መግለጫ ሲወጣ ርዕሱን ብቻ ሳይሆን ውስጡን አንብቡ። በጥቂት ወራት ውስጥ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ራሳችሁ ታስረዳላችሁ።

ግቢ ላልገባችሁም ይሄው እውቀት ሥራ አለው። ቴሌግራም ላይ «በወር 30 በመቶ ትርፍ» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ ካልኩሌተሩን ክፈቱ። 1.3 ራሱን በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ 23 ይበልጣል። 10,000 ብር በዓመት ከ230,000 ብር በላይ ይሆናል እያላችሁ ነው። ባንኮች ለቁጠባ በዓመት የሚከፍሉት ወለድ ከዚህ በእጅጉ ባነሰበት ሀገር ይሄን የሚከፍል ንግድ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ፣ ከኋላችሁ የሚገባው ሰው ብር ነው።

ደመወዝ ስትደራደሩ፣ ብድር ስትወስዱ፣ ዕቁብ ስትጥሉ፣ ከውጭ የሚላክላችሁን ገንዘብ መቼ እንደምትመነዝሩ ስታስቡ የምትሠሩት ማክሮ ነው። የዕቁብ መጀመሪያ ዕጣ ለምን እንደሚፈለግም አሁን ታውቃላችሁ፦ ያው 50,000 ብር ዛሬ የሚገዛውን ከዓመት በኋላ አይገዛም። የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ሰው ቁጥሩን አልተቀነሰበትም፤ የተቀነሰበት ሪያሉ ነው።